ከመሬት መነሣት፦ በጎጃም የዱሼን የጡንቻ መመንመን በሽታ ያለባቸው የሁለት ወንድማማቾች የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በጎጃም አንድ የገጠር ቀበሌ ለሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ከጥቅምት 2012 ዓ.ም. እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም. የተደረገውን ክትትል ይመለከታል። ሁለቱም ልጆች ዱሼን በተባለው፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ በሚያመነምንና በዘረመል በሚተላለፍ በሽታ የተያዙ ናቸው። እኔ ልጆቹን የተከታተልሁ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። የቤተሰቡን ማንነት ለመጠበቅ ስል ስም፣ ቀበሌና የሕክምና ተቋማትን ስም አልጠቀስሁም። ወላጆቹ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ እናቲቱም «ሌላዋ እናት እንደ እኔ ከደጅ ደጅ እንዳትንከራተት ጻፈው» ብላ አደራ ጥላብኛለች። የራሳችንን ስሕተት ሳልሸሽግ የጻፍሁትም ስለዚሁ አደራ ነው።

የቤተሰቡ ሁኔታ

አባት አራሽ ነው፤ ጤፍና በቆሎ ያመርታል። ቤታቸው ከወረዳው ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ተዳፋት ላይ ነው። ቤተሰቡ ወደ እኛ ሲመጣ ሦስት ልጆች ነበሩት፤ የ11 ዓመት ሴት ልጅ፣ 6 ዓመት ከ8 ወር የሆነው ታላቁ ወንድ ልጅ፣ እና የ2 ዓመቱ ታናሽ ወንድም። ባልና ሚስቱ ዝምድና የላቸውም። በአገሩ ልማድ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥረው ነው የዳሯቸው፤ ይህ ነገር በኋላ በምክክሩ ላይ ትልቅ ቦታ ስለነበረው አንባቢ ልብ እንዲለው እሻለሁ።

ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት

ታላቁ ልጅ የቆመው ዘግይቶ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነበር። አራት ዓመት ሲሆነው እኩዮቹ ሲሮጡ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር፤ ሜዳ ላይ ሳይቀር ይወድቃል፤ ዳገት ሲወጣ የእናቱን ነጠላ ይዞ ይጎተታል። ያም ሆኖ ማንም በሽተኛ አላለውም፤ ባቱ ጠንካራና ወፍራም ነበረና። አባቱ የልጁን ባት ለጎረቤት እያሳየ «ይህ የአራሽ ባት ነው» ይል እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ ነበር።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ወገሻ ነው። ወገሻው ዳሌው ወልቋል ብሎ ልጁን አሽቶ፣ እግሩን በቀርከሃ አስሮ ሦስት ሳምንት አስተኛው። ከዚያ በኋላ ልጁ ከበፊቱ የባሰ ደከመ። ዛሬ ምክንያቱ ይገባናል፤ የዚህ በሽታ ባለቤት የሆነ ጡንቻ ለሳምንታት ያለ እንቅስቃሴ ሲታሰር ያጣውን ጉልበት መልሶ ለማግኘት ይቸገራል። ቀጥሎ በአንድ ጤና ጣቢያ የአጥንት መለስለስ ነው ተብሎ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ተሰጠው። ለውጥ ባለመኖሩ ወደ አንድ ሆስፒታል ተላከ፤ እዚያም በተደረገለት የደም ምርመራ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ከመደበኛው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። የጉበት በሽታ ተባለ። የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ነጻ ቢሆንም፣ ዓይኑ ቢጫ ባይሆንም፣ አልትራሳውንዱ ጤናማ ጉበት ቢያሳይም፣ ለስምንት ወር በየወሩ እየተመላለሰ ኢንዛይሙ ብቻ ሲለካ ቆየ። እናቱ ለጉበቱ ስትል ቅቤና ሥጋ ከለከለችው።

በእነዚህ ሁሉ ጉብኝቶች ልጁ ሲመረመር አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። ወለል ላይ ቁጭ ብለህ ተነሥ ያለው ሰው አልነበረም።

ምርመራው

እናቲቱ ልጁን አዝላ ወደ እኛ ክፍል ስትገባ በመጀመሪያ የተናገረችው ቃል ምርመራውን ግማሽ መንገድ የሚያስኬድ ነበር። «ዶክተር፣ ልጄ እንደ ሽማግሌ በገዛ ጉልበቱ ላይ ተደግፎ ነው የሚነሣ» አለች። ጋቢዋን ወለሉ ላይ አንጥፈን ልጁን አስቀመጥነው፤ ተነሥም አልነው። በመጀመሪያ በደረቱ ተገልብጦ በአራት እግሩ ሆነ። ከዚያ እግሮቹን አራርቆ መቀመጫውን ወደ ላይ አነሣ። ቀኝ እጁን ቀኝ ጉልበቱ ላይ ተከለ፤ ግራውንም አስከተለ፤ እጆቹን ከጉልበቱ ወደ ጭኑ ደረጃ በደረጃ እያሻገረ፣ በገዛ ሰውነቱ ላይ እንደ መሰላል ወጥቶ፣ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ ቆመ። 9 ሰከንድ ፈጀበት። ይህ አነሣሥ እ.ኤ.አ. በ1879 በዝርዝር በገለጸው በእንግሊዛዊው ሐኪም በጎወርስ ስም ይጠራል። የዳሌና የጭን ጡንቻ መድከሙን ያለ ምንም መሣሪያ ያሳያል።

ባቱን ስንነካው እንደ ጎማ ጠንከር ያለ ነበር። ተረከዙ ወደ መሬት በቀላሉ አይደርስም። ከዚያ የቤተሰብ ታሪክ ጠየቅን። መጀመሪያ «በቤታችን እንዲህ ያለ በሽታ የለም» አሉ። ጥያቄውን ቀይረን፣ ከእናቲቱ ወንድሞችና ከአክስቶቿ ወንዶች ልጆች መካከል በልጅነቱ መራመድ ያቆመ ይኖር እንደሆን ስንጠይቅ እናቲቱ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ወንድሜ በልምሾ ሞቷል» አለች። ልምሾ የሕዝቡ ስም ነው፤ ፖሊዮንም ሌላውንም እግር የሚያሰንፍ በሽታ ያጠቃልላል። ያ ወንድም ግን በድንገት ትኩሳት ይዞት አንድ እግሩ የሰነፈ ልጅ አልነበረም። በሰባት ዓመቱ መውደቅ ጀመረ፤ በአሥር ዓመቱ ተቀመጠ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ በአንድ የክረምት ሳል ሞተ። ፖሊዮ እንዲህ በየዓመቱ እየባሰ አይሄድም።

ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም በእኛ ዘንድ ስለማይሠራ የደም ናሙናው ባሕር ዳር ተልኮ ተሠራ፤ ውጤቱ ከ14,000 በላይ ነበር። የጤነኛ ልጅ ሲኬ በአብዛኛው ከ200 እና 300 አያልፍም። ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ በጡንቻም ውስጥ ስለሚገኙ፣ ጡንቻ ሲፈርስ እነርሱም በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ፤ ስምንት ወር ሙሉ ሲለካ የነበረው የጉበት ሳይሆን የጡንቻ ጉዳት ነበር። የሁለት ዓመቱ ታናሽ ወንድም ምንም ምልክት ሳይኖረው ሲለካ የእርሱም ሲኬ ከ18,000 በላይ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የታላቁ ልጅ ናሙና ወደ ውጭ አገር ተልኮ በተሠራው የዘረመል ምርመራ፣ በሽታውን ከሚያመጣው ጂን 79 ክፍሎች መካከል ከ45ኛው እስከ 50ኛው ያሉት እንደጎደሉ ተረጋገጠ። ሕክምናውን ለመጀመር ግን ይህን ውጤት አልጠበቅንም።

የበሽታው ጠባይ

ዱሼን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በዝርዝር ከገለጸው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከዱሼን ነው። በዓለም ላይ ከሚወለዱ ከ3,500 እስከ 5,000 ወንዶች ልጆች አንዱ ይያዛል። ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን የጡንቻን ክር ሽፋን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ነው፤ እርሱ ሲጎድል ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ሰውነት ይጠግነዋል፤ ጥገናው ሲያቅተው ቦታውን ስብና ጠባሳ ይወርሰዋል። የልጁ ባት የወፈረው በዚህ ምክንያት ነው። ያለ ሕክምና አብዛኞቹ ልጆች እስከ 12 ዓመታቸው መራመድ ያቆማሉ፤ ቀጥሎ እጅ፣ ከዚያ የትንፋሽና የልብ ጡንቻ ይደክማል። አእምሮን አያመነምንም፤ ይሁን እንጂ ከልጆቹ የተወሰኑት ቃላትን በመያዝና በንባብ ይዘገያሉ።

የዲስትሮፊን ጂን የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ አንድ ብቻ ስላለው መሸፈኛ የለውም። ስለዚህ ተሸካሚ የሆነች እናት ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሴቶች ልጆቿም እያንዳንዳቸው ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ግማሽ ነው። ከሕሙማኑ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ግን ጉድለቱ በእነርሱ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው፤ እናታቸው ተሸካሚ አይደለችም።

የተሳሳትንበት ቀን

የምርመራውን ውጤት የነገርነው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። በክፍሉ ውስጥ አባት፣ እናትና የአባት እናት ነበሩ። ወረቀት ላይ ክሮሞዞም ሥዬ፣ በሽታው «በዘር የሚተላለፍ፣ በእናት በኩል የሚመጣ» ነው አልሁ። በሕክምና ትምህርት ቤት የተማርሁት ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፤ ስሕተትም የለበትም። በጎጃም ገጠር ግን «ዘር» የሚለው ቃል ባዶውን አይሄድም። ልጅ ሲዳር የሚጠየቀው ዘር ነው፤ ቁምጥና በዘር አለ፣ የለም፣ የሰው ዓይን የሚያስፈራ ወገን አለ፣ የለም ተብሎ ነው። እኔ ስለ ጂን ስናገር አያቲቱ የሰማችው ስለ ምራቷ ወገን ነው። ከመውጣታቸው በፊት እናቲቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ምልክቱን አይቼ ዝም ማለቴ ሁለተኛው ስሕተት ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጡም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታቸው ሄዳ እንደነገረችን፣ እናቲቱ ታናሹን ልጅ ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመልሳለች፤ ታላቁ ከአባቱ ዘንድ ቀርቷል፤ ስለ ፍቺም ወሬ ተጀምሯል። መድኃኒቱን ገና ሳንጀምር ቤተሰቡ ተበተነ።

ሁለት ወር ከፈጀው ጥረት በኋላ የመለሳቸው የእኛ ምክር ብቻ አልነበረም። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታቸው በተቀመጡበት ተገኝቼ እንዳስረዳ ተጋበዝሁ። አንድ ሽማግሌ በቀጥታ ጠየቁኝ፦ «ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የዳርናቸው። ደም ሳይቀላቀል ይህ ከየት መጣ?» ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ ሊከበርም ይገባው ነበር። ሰባት ቤት መቁጠር ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ጂን ሲገናኝ ብቻ የሚመጡትን በሽታዎች በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህ በሽታ ግን አንድ የተበላሸ ጂን ብቻ ስለሚበቃው፣ ቆጠራው ምንም ያህል ቢጠነቀቅ አያቆመውም። ይህን ካስረዳሁ በኋላ የአገሩን ምሳሌ ተጠቀምሁ። ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ከብዙ ሺህ ፊደል አንዲቱን ሊዘላት ይችላል፤ መጽሐፉ በረዘመ መጠን የመዘለሉ ዕድል ይበዛል። የዲስትሮፊን ጂን በሰው ሰውነት ውስጥ ካሉት ረጃጅም ጂኖች አንዱ ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ፊደል አለው። ስትገለበጥ የተዘለለችው ፊደል ማንም ሠርቶ ያመጣት አይደለችም፤ እያንዳንዳችንም ሳናውቃቸው የምንሸከማቸው እንዲህ ያሉ ስሕተቶች አሉን። የንስሐ አባታቸው ምሳሌውን ተቀብለው፣ ከእኔ በተሻለ አማርኛ፣ ለአያቲቱ ደግመው ነገሯት። እናቲቱ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ ውጤት ስንነግር ሥርዓታችንን ቀይረናል። መጀመሪያ ለእናት ብቻዋን፣ ቀጥሎ ለሁለቱ፣ ሌላ ሰው የሚሰማው ሁለቱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። «ዘር» የሚለውን ቃል ትተን «የአካል ፊደል» እንላለን፤ የተሸካሚነት ነገር በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ቤተሰቡ በሽታውን ከለመደ በኋላ ይነገራል።

ሕክምናው በቤት ውስጥ

የቲቢና የሰገራ ምርመራ ከተደረገለትና ክትባቱ መሟላቱ ከተረጋገጠ በኋላ ታላቁ ልጅ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ፕሬድኒሶሎን ጀመረ። ልኩ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.75 ሚሊግራም ነው፤ 20 ኪሎ ስለነበረ በየማለዳው ከቁርስ ጋር ባለ 5 ሚሊግራም ሦስት ክኒን ይወስድ ነበር። ይህ መድኃኒት በሽታውን አያድንም፤ የመራመጃውን ዘመን ከ2 እስከ 3 ዓመት ያህል ያረዝማል፤ ለትንፋሽና ለጀርባም ይጠቅማል። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል በመሆኑ የክኒኑ ወጪ ተሸፈነለት። ይህ የመድን ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ በየወሩ ከኪስ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ መድኃኒቱን ዓመት እንኳ ይወስድ ነበር ብዬ አላምንም።

በአራተኛው ወር የልጁ ፊት ክብ ሆነ፤ ጉንጩ ሞላ። ጎረቤት ሁሉ «ዳነ፣ አማረበት» አለ። አባትየው ልጁ ከዳነ ክኒኑ ይብቃ ማለት ጀመረ። የፊቱ መሙላት የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን አስቀድመን ለእናቲቱ ነግረናት ነበር፤ ለአባት ግን አልነገርነውም። መድኃኒት የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ በቀጠሮው ቀን ክፍሉ ውስጥ ያልነበረው ሰው ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የደረሰው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ነው። ቤተሰቡ ልጁን ለሁለት ሱባኤ ወደ ጠበል ወሰደው፤ በዚያ የነበረ አንድ ሰው መድኃኒትና ጠበል አይገናኙም ስላላቸው ክኒኑ ቤት ቀረ። ፕሬድኒሶሎን ለወራት የወሰደ ሰው የገዛ ሰውነቱ ይህን መሰል ቅመም ማምረት ስለሚያቆም መድኃኒቱ በድንገት አይቋረጥም። በስድስተኛው ቀን ልጁ ማስመለስ ጀመረ፤ ሰውነቱ ቀዘቀዘ፤ በሰው ትከሻ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ደረሰ። ሃይድሮኮርቲዞንና ግሉኮስ በደም ሥሩ ተሰጥቶት በሁለተኛው ቀን አገገመ። በካርዱ ላይ «በድንገት እንዳይቋረጥ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ጠበል ሲኬድ ካርድ ይዞ የሚሄድ የለም። ጥፋቱ ጠበል መሄዳቸው አልነበረም፤ ትሄዱ እንደሆን ብለን አለመጠየቃችን ነበር። አሁን የምንጠይቀው መቼ እንደሚሄዱ ነው። የንስሐ አባታቸውም ልጁን ከጾም ፈትተውት፣ ከጠበሉ መልስ እህል ቀምሶ ክኒኑን በዚያው ጠበል እንዲውጥ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም አላቋረጠም።

የጅማት ማሳሳብ ሥራው በሌላ መንገድ ተሳካ። ፊዚዮቴራፒስቱ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጥቷቸው ነበር፤ በሦስት ወሩ ወረቀቱ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ፣ ሥራው ግን ተረስቶ አገኘነው። በዚያን ቀን ቤታቸው ቡና ተፈልቶ ስለነበር፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለሥራው ይበቃል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከልጅቱ ነው። አቦሉ ሲቀዳ የቀኝ እግር ተረከዝ፣ ቶናው ሲቀዳ የግራ፣ በረካው ሲቀዳ ጉልበትና ዳሌ፤ እናት ቡናውን ስታፈላ እህት የወንድሟን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ትገፋለች። በአምስት ዓመት ውስጥ የተረከዙ ጅማት ያጠረው ከጠበቅነው ባነሰ መጠን ነው፤ የሌሊት የእግር ድጋፉም ከባሕር ዳር ተሠርቶ መጥቶለት ረድቶታል።

ልብን በተመለከተ በየዓመቱ ኢኮ የተባለው የልብ አልትራሳውንድ ይሠራላቸዋል። ታላቁ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ኢኮው ገና ደህና ሳለ፣ ልብን ለመጠበቅ ኢናላፕሪል ተጀመረለት። እናቲቱም ኢኮ ተሠርቶላታል፤ ተሸካሚ ሴቶች ጡንቻቸው ባይደክምም ልባቸው ሊታመም ይችላልና። የእርሷ ጤናማ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ታናሹ ልጅ የብሽሽት ቡአ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ከዚያ ቀደም ብለን በሁለቱም ልጆች የመድን ደብተር ሽፋን ውስጥ በትልልቅ ፊደል የጻፍንበትን ወረቀት ለጥፈን ነበር፦ «ዱሼን አለበት። ሱክሳሜቶኒየም አይሰጠው። ሃሎታን አይሰጠው።» እነዚህ ሁለት የማደንዘዣ መድኃኒቶች በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ ፖታሲየምን በድንገት ከፍ አድርገው ልብን ሊያቆሙ ይችላሉ። የማደንዘዣ ባለሙያው ደብተሩን ሲገልጥ ወረቀቱን አነበበ፤ ለእኔ ደወለ፤ በኬታሚን ተሠራ። ከዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ወጪው ትንሹ፣ ጥቅሙ ትልቁ ያ ወረቀት ይመስለኛል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ የሦስት ወር መድኃኒት እየሰጠን፣ የአንድ ወር መጠባበቂያ በጤና ኬላው እንዲቀመጥ አደረግን። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል በየስንት ቀኑ ምን ያህል እየተቀነሰ እንደሚወሰድም ለእህቱ ጽፈን ሰጠናት። ሁለት ጊዜ አስፈልጓታል።

ትምህርት፣ መንገድና መጸዳጃ

መምህሩ ልጁ ሰነፍ መስሎት ነበር፤ ስለ በሽታው ከተነገረው በኋላ ክፍሉን ከዳገቱ ወደ ታችኛው ሕንጻ አዛወረለት፤ ከልጆቹም ሁለቱን የውኃና የቦርሳ ኃላፊ አደረጋቸው። እኛ ያላሰብነው ችግር መጸዳጃው ነበር። ልጁ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ስለማይችል ትምህርት ቤት ውሎ ምንም ላለመጠጣት ራሱን ያስጠማ ነበር፤ ለሆዱ ድርቀትም ምክንያቱ ይኸው ነበር። ነገሩን ያወቅነው ከእኛ ደብቆ ለእህቱ ስለነገራት ነው። አንድ አናጢ መሐሉ ቀዳዳ ያለው በርጩማ ሠራለት፤ ችግሩ በአንድ ቀን አለቀ።

ተሽከርካሪ ወንበሩ ግን አልተሳካም። በጥር 2016 ዓ.ም.፣ 11 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ ልጁ መራመድ አቆመ፤ ወንበሩም በዚያው ሰሞን መጣለት። አገሩ ዳገትና መረሬ አፈር ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጎማው አንድ እርምጃ አይሄድም። ዛሬ ወንበሩ ቤት ውስጥ መቀመጫ ሆኗል፤ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው በዚያ በኩል ጠቅሟል። ለመንገድ አባትየው ቃሬዛ አዘጋጀለት፤ ልጁ ግን «ቃሬዛ የሬሳ ነው» ብሎ አልወጣም አለ። ማንም አላስገደደውም፤ ባያስገድዱትም ደግ አደረጉ። በመጨረሻ በበቅሎው ኮርቻ ላይ የጀርባና የጎን መደገፊያ ተሠርቶለት፣ አባቱ ከጎን እየያዘው ይጓዛል።

ትምህርት ቤቱ ሲርቅበት ከቤታቸው አጠገብ ካሉት የኔታ ዘንድ ገባ። ሲጀምር ፊደል ለመለየት ከሌሎቹ ዘግይቷል፤ የኔታ ግን በቃል እያስደገሙ አስጠኑትና አሁን ዳዊት ይደግማል።

ከባሕር ማዶ የመጣው ወሬ

በ2016 ዓ.ም. አንድ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ልጁን የሚያድን መርፌ ተገኘ ብሎ ደወለ። አባትየው በሬዎቹን ለመሸጥ ተነሣ። ወሬው መሠረት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ አንድ የጂን ሕክምና ተፈቅዷል። ዋጋው ግን ሲፈቀድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አጭር የዲስትሮፊን ምትክ ይሰጣል እንጂ የፈረሰውን ጡንቻ አይመልስም። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ወጣቶች ከሕክምናው በኋላ በጉበት መድከም ስለሞቱ ለማይራመዱ ልጆች መስጠቱ ቆሟል። ያን ጊዜ የመርፌውን ዋጋና የፈረሰውን ጡንቻ እንደማይመልስ ለአባትየው ስነግረው ጉዳዩን ሁለት ጊዜ ደግሜ እንዳስረዳው ጠየቀኝ፤ ከዚያም «እንግዲያስ በሬዎቹ ያርሱበት» ብሎ ተነሣ። ተስፋ ለማስቆረጥ አልፈለግሁም፤ ከእጁ ያለው ሕክምና ግን የሚቆመው በዚያው እርሻ ላይ ነው።

ለሌሎች ባለሙያዎች የሚተርፈው

ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ፣ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ወይም ዘግይቶ የተራመደ ወንድ ልጅ ሁሉ ወለል ላይ ተቀምጦ እንዲነሣ ይደረግ። ይህ ምርመራ በየትኛውም ጤና ኬላ ይቻላል፤ አንድ ጋቢ ይበቃዋል። ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ ከፍ ብለው ሌላው የጉበት ምርመራ ደህና ከሆነ፣ ጉበቱን ደግሞ ከመለካት በፊት ሲኬ ይላክ። ስለ ቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅም የበሽታውን ስም መጥራት አይበቃም፤ የእናት ወንድሞች እንዴት እንደኖሩና እንዴት እንደሞቱ ይጠየቅ፤ «ልምሾ» የሚለው መልስም በዚያው አይታለፍ።

ያለንን መድኃኒት ከማዘዝ ይልቅ ማን በቤቱ እንደሚወስን፣ ማን እንደሚያስውጥ፣ ጠበልና ጾም መቼ እንደሚሆን ማወቁ የበለጠ ጊዜ ወስዶብናል፤ ይህን ግን ከመጀመሪያው አስበንበት ቢሆን ኖሮ የሐምሌው አደጋ አይደርስም ነበር።

ሴቶች ልጆችን በተመለከተ አቋማችን ጽኑ ነው። እህቲቱ 15 ዓመት ሲሆናት ለጋብቻ ተጠየቀች፤ እናቲቱም ትመርመር ወይ፣ ለጠያቂዎቹስ ይነገር ወይ ብላ መጣች። ጋብቻው ከ18 ዓመት በፊት በሕግም እንደማይፈቀድ ነገርናት። ምርመራው ደግሞ የልጅቱ የራሷ ነው፤ ለአካለ መጠን ደርሳ፣ አውቃና ፈልጋ ልታደርገው የሚገባ ነው እንጂ ወላጅም ሐኪምም የሚወስንላት አይደለም። ልጅቱን ለብቻዋ አነጋገርናት፤ ስታድግ መመርመር እንደምትፈልግ፣ ለጊዜው ግን ትምህርቷን መቀጠል እንደምትሻ ነገረችን። ጋብቻው ቀረ። የእናቲቱ ታናሽ እህት በራሷ ፈቃድ የአንድ ዓመት ወንድ ልጇን አስመርምራ ሲኬው ጤናማ ሆኖ ተገኝቷል።

የልጆቹ የአሁን ሁኔታ

ታናሹ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ፕሬድኒሶሎን የጀመረው በአምስት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ገና ሳይቀንስ ነው፤ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ከወለል ለመነሣት 4 ሰከንድ ፈጅቶበታል። ወንድሙ በዚያ ዕድሜ 9 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር።

ታላቁ 12 ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። እጁን ወደ አፉ ለማድረስ ክርኑን መደገፍ ጀምሯል። የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ በማይገኝበት ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ፊደል በማስቆጠር እንከታተለዋለን። በ2015 ዓ.ም. ከሀ ጀምሮ የረን ቤት ይጨርስ ነበር፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የመን ቤት ጨርሶ ሠ ላይ ቆመ። ልጁ ራሱ ልዩነቱን ያውቃል፤ ሲጨርስ የት እንደደረሰ በካርዱ ላይ እንድጽፍለት ይጠይቀኛል። እናቱ በትንፋሽ መስጫ ፊኛ ደረቱን መሙላትና ሲያስል ሆዱን ደግፎ መርዳት ተምራለች። ክረምቱ መንገዱን ስለሚዘጋ መድኃኒቱን እስከ ጥቅምት ሰጥተናቸው፣ በበቅሎው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።